የኪራይ ቤት ደንብም ይታደሳል

የጭቃ ቤት ክረምቱ ሲወጣ ምርጊት ይፈልጋል። ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠን የተሰነጠቀውን እንደፍናለን፤ ከሥር የተቦረቦረውን እንሞላለን። አንድ ዓመት ችላ ያልነው እንደሆነ ውሃው ማገሩን ያገኘዋል፤ ምስጥም ይከተላል። ቤቱ የራሳችን ስለሆነ ማንንም አንጠብቅም።

የኪራይ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው 100 ብር ያልሞላ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩም ተቀነሰ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ኪራዩ ለብዙ ዓመታት ባለበት ቆመ፤ የቆርቆሮና የምስማር ዋጋ ግን አልቆመም። ታዲያ ማን ያድስ? ቀበሌው «አቅም የለኝም» ይላል። ተከራዩ ደግሞ «የእኔ ላልሆነ ቤት ለምን ገንዘቤን ላውጣ?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ጣሪያው ግን ያፈሳል።

ደንብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዝቅተኛ ደረጃ ማለት ቤቱ ከዚህ በታች ከሆነ ለሰው አይከራይም የሚል ልክ ነው። ጣሪያው አያፍስ፤ መስኮት ይኑረው፤ ጭሱ መውጫ ያግኝ፤ ውሃና ሽንት ቤት ቅርብ ይሁኑ። ልኩ ካልተጻፈ አከራይ «ይበቃል»፣ ተከራይ «አይበቃም» እያሉ ሲጨቃጨቁ ይኖራሉ።

ልኩም ራሱ ያረጃል። በኩራዝ ዘመን ስለ መብራት ሽቦ ማን ይጽፋል? ዛሬ ግን የተላጠ ሽቦ ቤት ያቃጥላል፣ ሰው ይገድላል።

እስቲ የእንግሊዝን አገር እንመልከት። ዘመኑን የምንናገረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እዚያ መንግሥትና ማኅበራት ለሚያከራዩት ቤት በ2000 ደንብ ወጣ፤ በ2006 ታደሰ፤ ከዚያ ብዙ ዓመት ሳይነካ ቆየ። በ2020 ሮችዴል በምትባል ከተማ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ። የሚኖርበት የኪራይ ቤት ግድግዳ ሻጋታ ነበረበት። አባቱ ከዓመታት በፊት ጀምሮ አቤት ብሎ ነበር። የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረችው ዳኛ በ2022 ልጁን የገደለው ሻጋታው መሆኑን ገለጠች። በ2023 በልጁ ስም የሚጠራ ሕግ ወጣ።

ሕጉ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ይሠራል። አከራዩ ከባድ እርጥበትና ሻጋታ እንዳለ ሲነገረው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መርምሮ፣ አደጋ ካገኘ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ማስወገድ አለበት። ጊዜ የማይሰጥ አደጋ ከሆነ በ24 ሰዓት ነው። አሮጌው ደንብ ቤቱ ደኅና ይሁን ይል ነበር እንጂ በስንት ቀን እንደሚጠገን አልጻፈም። ያ አባትም ሲጠብቅ ኖረ።

እኛም ሆንን ከተማ የገቡ ልጆቻችን የኪራይ ውል ስንፈርም ጥገናው የማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ የሚለውን መስመር እንፈልግ። ከሌለ ይጻፍልን እንበል። ማመልከቻ ስናስገባም ቀኑን ጽፈን አንድ ግልባጭ እናስቀር።