አራት ነው ወይስ አርባ?

ዓርብ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ በኹበር ኮርኒሽ። ከደማም የመጣች ወጣት የቤት ሠራተኛ ከአንዲት አንጋፋ ሴት ጎን ተቀምጣ ትጠይቃለች።

ወጣቷ፦ እትዬ፣ ከአሠሪዎቼ ጋር ለመግባባት አረብኛውን እስክለምድ ስንት ዓመት ይፈጅብኝ ይሆን?

እትዬ፦ ችግሩ አረብኛ አለመቻል ብቻ ከመሰለሽ ተሳስተሻል፣ ልጄ። አረብኛ ለእኛ ሩቅ ቋንቋ አይደለም። ቤት በይት ነው፣ ስም ኢስም ነው፣ ደምም ያው ደም ነው። የሚያሳስተን እንዲያውም ቅርበቱ ነው። ላሕም በግዕዝ ላም ናት፣ በአረብኛ ግን ሥጋ ነው። ቁጥሩን ደግሞ ተመልከቺ። ዓረብ «አርበዐ» ሲል አራት ማለቱ ነው፤ ያንቺ ጆሮ ግን አርባ ይሰማል። «ሰብዐ» ሰባት ነው፤ አንቺ ሰባ ትያለሽ። «ሰማንያ» ስምንት ነው፤ እኛ በዚያው ቃል፣ በተቀራራቢ ድምፅ፣ አሥር እጥፉን እንቆጥርበታለን። ከአንድ የሴም ግንድ የወጡ ቃላት ናቸው፤ ግዕዝ ለዐሥር ቤቱ ያደረጋቸውን አረብኛ ለነጠላው አደረጋቸው። የሕፃን መድኃኒት በጠብታ በሚለካበት ቤት ይህ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አስቢው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በደማምና በአዲስ አበባ መካከል የአንዲት ደቂቃ ልዩነት የለም፤ ግን እኛ ከንጋት እንቆጥራለን፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት። መዳም «ሳዐ ሰብዐ ቀስቅሺኝ» ካለች ጠዋት አንድ ሰዓት ማለቷ ነው። አንቺ የኛን ሰባት ሰዓት ከጠበቅሽ ስድስት ሰዓት ሙሉ ዘገየሽ፤ እሷም ሰነፍ ትልሻለች።

ወጣቷ፦ ታዲያ ይሄ ያው የቋንቋ ችግር አይደለም? ቁጥሩን ካጠናሁ አበቃ።

እትዬ፦ አያበቃም። ያንን ብታጠኚ ሌላ ቃል ይመጣል። ስሕተቱ ሳይታረም የሚቀረው ሳይገባን እሺ ስለምንል ነው። የኛ እሺ ብዙ ነገር ነው፦ ሰምቻለሁ፣ አከብርሻለሁ፣ አትቆጪኝ፣ ነገሩ ይለፍ። አሠሪዋ ግን አንዱን ብቻ ትወስዳለች፦ ገብቶኛል። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን አዎ የምንለውንማ የማያውቅ ሰው ድንጋጤ ሊመስለው ይችላል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ አማራ በንግግሩ አሻሚነትን እንዴት እንደሚጠቀምበት በሰፊው ጽፏል። አገር ቤት ለቅኔውም ለሽምግልናውም ይጠቅማል፤ ሰሚው ወርቁን መፈለግ ያውቅበታልና። በሰው አገር ኩሽና ውስጥ ግን ወርቁን የሚፈልግልሽ የለም።

ይህ የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በስፔኗ ተነሪፍ ደሴት፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች፣ አንዱ የኬኤልኤም፣ ሌላው የፓን አሜሪካን፣ መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። የኬኤልኤም አውሮፕላን ስለ በረራ መስመሩ ተነገረው እንጂ እንዲነሣ አልተፈቀደለትም ነበር። ረዳት አብራሪው «አሁን መነሣት ላይ ነን» የሚመስል፣ ለሁለት የሚተረጎም ነገር ተናገረ። ተቆጣጣሪው «ኦኬ» አለ፤ ቀጥሎም «ለመነሣት ተጠባበቁ፣ እጠራችኋለሁ» አለ። በዚያው ቅጽበት የፓን አሜሪካን አብራሪዎች ገና መንደርደሪያው ላይ መሆናቸውን ተናገሩ። ሁለቱ ድምፆች ተደራረቡና በኬኤልኤም አብራሪዎች ክፍል ውስጥ ጥርት ብሎ የተሰማው «ኦኬ» ብቻ ሆነ። የኛ እሺ ማለት ነው! የበረራ መሐንዲሱ ያኛው አውሮፕላን አልወጣ ይሆን ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ዋናው አብራሪ በእርግጠኝነት ወጥቷል አለው፣ እሱም ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የአቪዬሽን ንግግር ጠበቀ። «መነሣት» የሚለው ቃል ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተደረገ፤ አብራሪም ኦኬ ብሎ እንዳያልፍ፣ የተነገረውን መልሶ እንዲናገር ግዴታው ተጠናከረ። በአንድ ቋንቋ የተነጋገሩ፣ የተማሩ ሰዎች ይህ ከደረሰባቸው፣ በማፊና በፊ፣ በየለምና በአለ፣ ብቻ የሚነጋገሩ ሁለት ሴቶችማ እንዴት አይደርስባቸውም?

ወጣቷ፦ እሱ አብራሪ ነው፣ እትዬ። እኔ «ከፊል» የሚሉት አሠሪ ስፖንሰር ያለብኝ ሰው ነኝ። አልገባኝም ብል ደደብ እባላለሁ፤ ብደግመው ምላሰኛ እባላለሁ። መብት ብጠይቅማ መመለሻዬን ነው የሚቆርጡልኝ።

እትዬ፦ ፍርሃትሽ እውነት ነው፤ እሺን የሚያስወጣውም እሱ ነው። ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ በእጁ ያለን ሰው ደጋግሞ መጠየቅ ይከብዳል። ግን መሐንዲሱም ዝም ያለው አለቃውን ስላከበረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሸክሙ የሠራተኛዋ ብቻ አይሁን እላለሁ። «ፈሂምቲ?»፣ ገባሽ? ብላ የምትጠይቅ አሠሪ «አይዋ»፣ አዎ፣ ከሚል በቀር መልስ አታገኝም፤ «ምን ልትሠሪ ነው?» ብትል ግን እውነቱን ትሰማለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት ይሰጥ ነበር፤ ዘጠኝ የሚለውን በአረብኛ ካልተናገርሽው ማን ይቆጥርልሽ ነበር? በ2006 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ወገን ከዚህ ተባረረ፣ ጉዞውም ታገደ፣ በ2010 ተከፈተ። በመሃል አዋጅ ቁጥር 923/2008 ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀችና የብቃት ማረጋገጫ የያዘች ትሂድ አለ። ማረጋገጫው ምድጃና ልብስ ማጠቢያ መያዝሽን ይመስክር፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንዲት ልጅ ባሕር ተሻግራ ስትሄድ ከሁሉ በፊት «ማ ፈሂምት»፣ አልገባኝም፣ ማለትን፣ አንገቷን ሳትደፋ ማለትን መማር ነበረባት። ለድስቱ ሥልጠና ተገኝቶ ለዚህ እንዴት ይጠፋል?

ወጣቷ፦ ሳላስቆጣት እንዴት ብዬ ልድገመው ታዲያ?

እትዬ፦ ጥያቄ አታድርጊው፤ ሥራ አድርጊው። «ሐዲር»፣ እሺ ታዛዥ ነኝ፣ በያት መጀመሪያ፣ ክብሯን አገኘች። ቀጥለሽ «አርበዐ፣ ማፊ አርበዒን፣ ሰሕ?»፣ አራት እንጂ አርባ አይደለም፣ ልክ ነው? እያልሽ አራት ጣትሽን አሳያት። ሰዓት ከሆነ የግድግዳውን ሰዓት ጠቁሚ። ጠብታ ከሆነ ማንኪያው ላይ የመጀመሪያዋን ጠብ አድርጊና፣ እሷ ራሷ እስከ አራት እስክትቆጥርልሽ ጠብቂ።