ፈልቶም የማይድን ወተት፦ የምግብ ደኅንነት ቁጥጥር እንዴት ይታቀዳል?

በአቃቂ ቃሊቲ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ ልትከፍቱ ነው እንበል። ከአካባቢው ላም አርቢዎችና ከቢሾፍቱ መስመር ወተት ትረከባላችሁ፣ ፓስቸራይዝ ታደርጋላችሁ፣ በላስቲክ አሽጋችሁ ለሱቆች ታከፋፍላላችሁ። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ወተቱን የት እናስመርምር?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ግን ዘግይቷል። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «አደጋው በየትኛው ደረጃ ላይ ይገባል? በየትኛውስ ልናስቆመው እንችላለን?» የሚለው ነው።

ምርመራ ብቻውን ለምን አይበቃም?

በቀን አምስት ሺህ ላስቲክ ወተት የሚያመርት ድርጅት አሥሩን ወደ ላቦራቶሪ ቢልክ፣ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ስለ አሥሩ ነው። በዚያ ላይ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ አድጎ እስኪታይ ቀናት ይወስዳል። የዛሬ ወተት ደግሞ ነገ ተነገ ወዲያ ተጠጥቶ ያልቃል። ውጤቱ ሲደርስ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

የአሜሪካው ፒልስበሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከናሳ ጋር ለጠፈርተኞች ምግብ ሲያዘጋጅ የገጠመው ችግር ይኸው ነበር። ምግቡ እንከን እንደሌለው በምርመራ ብቻ ለማረጋገጥ ከተመረተው ውስጥ ብዙው ለላቦራቶሪ መዋል ነበረበት። ስለዚህ ቁጥጥሩን ከመጨረሻው ምርት ላይ አንሥተው በሥራው ሂደት ውስጥ አስገቡት። ዛሬ ባለሙያዎች «ሃሳፕ» የሚሉት የአደጋ ትንተናና ወሳኝ የቁጥጥር ነጥብ ሥርዓት ከዚያ መጣ። የዓለም የምግብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኮዴክስ እ.ኤ.አ. በ1993 መመሪያ አድርጎ ተቀበለው። ሰባት መርሆዎች አሉት፦ አደጋን መተንተን፣ ወሳኝ ነጥብ መለየት፣ ወሰን ማስቀመጥ፣ መከታተል፣ ወሰኑ ሲታለፍ ማረም፣ ሥርዓቱ እንደሚሠራ ማረጋገጥ እና መመዝገብ።

መሠረቱ፦ ውኃ፣ ዕቃና እጅ

ሃሳፕ ንጽሕና በሌለበት ቤት አይቆምም። መጀመሪያ ውኃው ነው። የቧንቧ ውኃ ሲቋረጥ ከምን ትጠቀማላችሁ? ከሮቶ ከሆነ፣ ሮቶው መቼ ታጠበ? በውኃው ውስጥ የሚቀረውን ክሎሪን ማን ይለካል? በተለምዶ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም በሊትር መገኘት አለበት። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባን ያስጨነቀው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) የንጹሕ ውኃና የእጅ መታጠብን ዋጋ ለሁሉም አሳይቷል።

ቀጥሎ ዕቃው ነው። አርቢው ወተቱን የሚያመጣበት ጀሪካን አፉ ጠባብ በመሆኑ ውስጡ በእጅ አይደረስም፤ የወተት ቅሪት ይዞ ያድርና የማግስቱን ወተት ያበላሻል። እጅ የሚያስገባ ሰፊ አፍ ያለው የአሉሚኒየም ዕቃ ለአርቢዎቻችሁ በብድር ብታቀርቡ፣ ከብዙ ምርመራ የሚበልጥ ጥቅም ታገኛላችሁ።

ወተቱን ከበር ጀምሮ ተከተሉት

አሁን ወረቀት አውጡና የሥራውን ፍሰት ሣሉ፦ መረከብ፣ ማጥለል፣ ማሞቅ፣ ማቀዝቀዝ፣ ማሸግ፣ ማከፋፈል። ከዚያም ሥዕሉን ይዛችሁ ወለሉ ላይ ተራመዱ፤ በወረቀት የሌለ ባልዲ ወይም አቋራጭ መንገድ ማግኘታችሁ አይቀርም።

በየደረጃው «ምን ሊበላሽ ይችላል?» ብላችሁ ጻፉ። በር ላይ ውኃ የተቀላቀለበት ወተት ይመጣል፤ ይህን ላክቶሜትር ያሳያል። መኮምጠጥ የጀመረውን የአልኮል ምርመራ ይለየዋል። መድኃኒት ከተወጋች ላም የታለበ ወተት አንቲባዮቲክ ሊይዝ ይችላል። ከጥሬ ወተት ጋር ብሩሴላና የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያም ሊመጡ ይችላሉ። ከማሞቂያው በኋላ ደግሞ ባልታጠበ ማሸጊያ ምክንያት የዳነው ወተት ዳግመኛ ይበከላል።

ማሞቂያው፦ ቁጥር ያለው ነጥብ

ባክቴሪያን በተመለከተ ወሳኙ ነጥብ ማሞቂያው ነው። ከዚያ በኋላ ያመለጠውን የሚይዝ ሌላ ደረጃ የለም። ወሰኑም በቁጥር ይቀመጣል፦ 72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ ለ15 ሰከንድ፣ ወይም በጋን ከሆነ 63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ። «በደንብ ይሙቅ» ወሰን ሊሆን አይችልም፤ ሁለት ሠራተኞች በሁለት ዓይነት ይረዱታልና።

እዚህ ላይ አቃቂ የራሷ ነገር አላት። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትሩን በፈላ ውኃ ፈትሾ «100 አላሳየም» ብሎ ወደ ላይ ያስተካከለ ሠራተኛ ሰባት ዲግሪ የሚዋሽ መሣሪያ ይዞ ይሠራል፤ 72 ሲያነብ ወተቱ 65 ላይ ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትርን በሚቀልጥ በረዶ ፈትሹ፤ ዜሮ ማሳየት አለበት፤ ይህ በየትኛውም ከፍታ ያው ነው።

ሙቀት የማይደርስበት አደጋ

ብዙ ዕቅዶች ማሞቂያው ላይ ይቆማሉ፤ ስህተቱም ከዚህ ይጀምራል። የዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች መካከል በአውሮፓ ወሰን ውስጥ (በሊትር 0.05 ማይክሮግራም) የተገኙት 9 ብቻ መሆናቸውን አሳየ። የተለካው አፍላቶክሲን ኤም1 ነው፤ ሻጋታ ከሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚመጣ፣ ለጉበት ካንሰር የሚያጋልጥ መርዝ።

ይህ መርዝ በፓስቸራይዜሽንም ሆነ በማፍላት አይጠፋም። ከየት መጣ? ጥናቱ ከመኖው ጋር አያይዞታል፤ በተለይም ከኑግ ፋጉሎ። ፋጉሎ በእርጥበት ሲከማች ይሻግታል፤ ላሟ ትበላዋለች፤ ጉበቷ መርዙን ወደ ኤም1 ይለውጠዋል፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በወተቷ ይወጣል።

በአቃቂ ወንዞች በኩልም ተመሳሳይ ነገር አለ። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳሉ፤ በወንዞቹ ውኃ በለማ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከባድ ብረታ ብረቶችን አግኝተዋል። እነዚህንም እሳት አያስወግዳቸውም።

እንግዲህ እንደ አፍላቶክሲን ላለው አደጋ ቁጥጥሩ የሚቀመጠው ከግቢያችሁ ውጭ፣ በአርቢው መጋዘን ነው። ፋጉሎው ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይቀመጥ፣ ጣሪያው አያፍስ፣ የሻገተው ይጣል፣ አርቢው መኖውን ከማን እንደገዛ ይመዝግብ። ይህን የውላችሁ አካል አድርጉት። ደግሞም ተስፋ አለ፦ የተበከለው መኖ ከቆመ መርዙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከወተቱ ይጠፋል። አርቢውን ማባረር ሳያስፈልግ መኖውን ማስቀየር በቂ ሊሆን ይችላል።

ወሰኑ ሲታለፍ ማን ምን ያደርጋል?

መብራት ጠፋ፤ የማሞቂያው ሙቀት 68 ላይ ወረደ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ሠራተኛዋ ምን ታድርግ? መልሱ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ስለሆነ ወተቱ ይታሸጋል። ዕቅዱ በግልጽ ይናገር፦ ፍሰቱን ታቆማለች፣ ያልዳነው ወተት ተመልሶ ይሞቃል፣ ካለፈው ትክክለኛ ንባብ በኋላ የታሸገው ተለይቶ ይቀመጣል፣ ምክንያቱ ይጻፋል። ለማቆምም ከማንም ፈቃድ አትጠብቅ፤ ሥልጣኑ የእሷ መሆኑን ባለቤቱ ራሱ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይናገር።

መዝገቡንም ተጠንቀቁ። ሳምንቱን ሙሉ «72፣ 72፣ 72» የሚል ቅጽ ካያችሁ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት በአንድ እስክሪብቶ የተሞላ መሆኑን ጠርጥሩ። እውነተኛ ንባብ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል።

ሕጉ የት ላይ ነው?

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ የሚቀርብ ምግብ ደኅንነቱ የተጠበቀ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ቁጥጥሩንም በፌዴራል ደረጃ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይመራል። ተቆጣጣሪው በዓመት ጥቂት ቀን ይመጣል፤ ማሞቂያው ግን በየቀኑ ይሠራል። ስለዚህ የዕለት ተዕለቱ ተቆጣጣሪ ቴርሞሜትሩን የያዘችው ሠራተኛ ናት።

የቤት ሥራ

ከፍሰት ሥዕላችሁ አንድ ደረጃ ምረጡና በአንድ መስመር ጻፉ፦ አደጋው ምንድን ነው? ወሰኑ ስንት ነው? ማን ይለካል? በየስንት ሰዓቱ? ሲታለፍ ምን ይደረጋል? «ሙቀት ይቆጣጠረዋል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ ሙቀት በእርግጥ ያጠፋው እንደሆነ አረጋግጡ። የማያጠፋው ከሆነ መስመሩን ሰርዙና ወደ መረከቢያው በር፣ ከዚያም ወደ መኖው ተመለሱ።