ለጥናት ወደ ላስታ ለምትመጪው ልጄ

ልጄ፣ ለመመረቂያ ጥናትሽ ላሊበላን መረጥሽ ሲሉኝ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ሰጋሁ። ደስ ያለኝ የጂኦግራፊ ተማሪ ሆነሽ የልማት ሥራ በሰው ኑሮ ላይ ያደረገውን ለማየት በመነሣትሽ ነው። የሰጋሁት ስለማውቅሽ ነው፤ ልብሽ ቀና፣ እግርሽ ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ያየሽውን ቶሎ ትረሺዋለሽ፣ የሰማሽውንም ሳትጽፊ ታድሪያለሽ። እኔ በዚህ ደጋ ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ ክረምት ክረምት ደግሞ ከአጥኚዎች ጋር ቤት ለቤት ስዞር ሸምግያለሁ። የምልሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

1. ካርታውን ከመዘርጋትሽ በፊት መሬቱን በእግርሽ እወቂው። ካርታ ላይ ከላሊበላ እስከ አሸተን ማርያም የአንድ ጣት ስፋት ነው፤ ዳገቱን ስትወጪ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከበላይዋ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ይቆማል፤ ከታች ደግሞ አውሮፕላን የሚያርፍበት የሽምሽሃ ሜዳ ፀሐዩ ያቃጥላል። ማሽላ የሚያጭደውና ከገብስ በቀር የማይሆንለት ገበሬ እዚህ የአንድ ገበያ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «ላስታ ውሃ ገባላት» የሚል ወረቀት ስታነቢ፣ የትኛዋ ላስታ ብለሽ ጠይቂ። ቦኖው ከታች ተተክሎ እንደሆነ፣ ከዳገቱ የምትወርደው ልጅ ጀሪካኗን ሞልታ ቤቷ የምትገባው በስንት ሰዓት ነው? ከእሷ ጋር አብረሽ ውጪ፤ ቁጥሩን ያን ጊዜ ጻፊው።

2. አንድ ክልል ከተከለለ፣ መስመሩን ማን እንዳሰመረውና በውስጡ ማን ይኖር እንደነበር ሳታውቂ ብዕር አታንሺ። ይህን አስረዝሜ የምነግርሽ የጥናትሽ ምሰሶ እሱ ስለሆነ ነው። አሥራ አንዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገቡ፣ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆነው ነው። ያን ጊዜ በዙሪያቸው ሰው ነበር። ከድንጋይ የተሠሩ፣ ክብ፣ አንዳንዶቹ ባለ ፎቅ፣ ሣር የለበሱ ቤቶች ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ቅርስ ሲባል ክልል ተከለለ፤ ክልል ሲከለል በውስጡ የተወለደው ሰው «የልማት ተነሺ» የሚል ስም ወጣለት። በ2001 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ቱሪዝም ልማት ያጸደቀው የ35 ሚሊዮን ዶላር ብድር ላሊበላንም ይጨምር ነበር፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦችም ወደ አዲሱ ሰፈር፣ ወደ ኩራኩር ተዛወሩ።

የቢሮ ሪፖርት ቤቱን፣ ካሳውንና ምትክ ቦታውን ይቆጥራል። መቆጠርም አለበት። አንቺ ግን ከዚያ እለፊ። ለተሳላሚ ጠላ ትሸጥ የነበረች እናት ደንበኛዋ ተከትሏት ሄደ? ማሕሌት ሰምታ ትነሣ የነበረች ባልቴት ዛሬ ደጀ ሰላም ለመድረስ ስንት ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣለች? እድሩ አንድ እንደሆነ ቀረ ወይስ ተከፈለ? ገና ሲደርስ፣ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲባል፣ እንግዳ ተቀብሎ እግር ያጥብ የነበረው ቤተሰብ አሁን ማንን ያሳድራል? እነዚህን ስትጠይቂ ነው ቦታ ማለት ምን እንደሆነ የሚገባሽ። ፈረንሳዊቷ የጂኦግራፊ ምሁር ማሪ ብሪዶኖ ይህችን ከተማ ዓመታት አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2014 መጽሐፍ አውጥታባታለች። አንዲት ትንሽ ከተማ በቅርስና በቱሪዝም ከዓለም ጋር ስትተሳሰር ሰፈሩ፣ ኑሮውና ሥልጣኑ እንዴት ይለዋወጣል የሚለው ነው ጥያቄዋ። ጥያቄውን ተቀበያት፤ መልሱን ግን ከእሷ አትውሰጂ፣ ራስሽ ፈልጊው።

3. በመዝገብ ላይ ስሙ የሌለውን ሰው ፈልጊ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በሌላ ከተማ፣ መንገድ ሊሰፋ ሲል ነዋሪ እንድመዘግብ ተቀጠርኩ። የቀበሌውን ዝርዝር ይዤ ቤቱን አንድ በአንድ አዳረስኩ፤ በሦስት ቀን ጨረስኩና ተመሰገንኩ። ቤቶቹ ከፈረሱ በኋላ አንዲት ሴት መንገድ ላይ አገኘችኝ። ከአንዱ ግቢ በስተጀርባ ማድ ቤት ተከራይታ እንጀራ እየጋገረች ልጆች ታሳድግ ነበር። ባለቤቱ ካሳ ወሰደ፤ እሷ ምጣዷን ተሸክማ ወጣች። «እርስዎ እኮ በራፋችን ላይ ቆመው ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቆሜ ነበር፤ ወደ ጓሮ ግን አልዞርኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንቺ ዙሪ። ተከራዩን፣ ደባሉን፣ የቤት ሠራተኛዋን፣ በደጀ ሰላም የሚያድረውን የቆሎ ተማሪ ጠይቂ።

4. ድንጋይ ለማዳን የመጣ ሥራም የሰው ጉዳይ መሆኑን አትርሺ። ዝናብ ውቅሩን ስለጎዳው በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ትልልቅ መጠለያዎች ተሠሩ፤ በ2000 ዓ.ም. ተጠናቀቁ። ሲሠሩ ጊዜያዊ ተብለው ነበር። ዓመቱ ሲገፋ ሕዝቡ ብረቱ ነፋስ ገፍቶት በመቅደሱ ላይ ይወድቃል ብሎ ፈራ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አደባባይ ወጥቶ ይነሣልን አለ። መሐንዲስ የዓምዱን ክብደት ያሰላል። ያ ሕዝብ ግን በየዕለቱ የሚሳለመው ቤት ላይ ሲወሰን ምክሩ አልተጠየቀም የሚል ቅሬታም ነበረው። ሁለቱንም ካልያዝሽ ጥናትሽ ግማሽ ነው።

5. ታሪኩን ፕሮጀክቱ ከጀመረበት ቀን አትጀምሪ። ወሎ ላይ ከሁሉ በፊት የ66ቱና የ77ቱ ረሃብ አለ። ከ77ቱ በኋላ ደርግ ከሰሜን 600,000 ያህል ሰው ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ አሰፈረ። አንድ ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብለሽ «ሰፈራ» ካልሽ፣ እሱ የሚሰማው ያን ጊዜ በመኪና ተጭኖ ሄዶ ያልተመለሰውን ወንድሙን ነው። ኩራኩርን እያሰብሽ ጠይቀሽው እሱ የደርግ ሰፈራ ጣቢያ የነበረችውን ፓዌን እያሰበ ቢመልስልሽ፣ ጥፋቱ የአንቺ ነው። አሉላ ፓንክረስት ከወሎ ወለጋ፣ ቄጦ የሰፈሩትን ሰዎች ኑሮ አብሯቸው ኖሮ ጽፏል፤ አንብቢው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምንም አንብቢ። የእኛው የጂኦግራፊ አባት፣ ረሃብን በዝናብ እጥረት ብቻ ማሳበብ እንደማይቻልና የገበሬው አቅም በገዥዎችና በገበያ አስቀድሞ እንደሚሟጠጥ በሰፊው አሳይተዋል። የሀገሩን ሰርዶ በሀገሩ በሬ ይባላል፤ የራሳችንን ሰው ሳታነቢ ወደ ባዕድ ንድፈ ሐሳብ አትሩጪ።

6. «ጥሩ ነው» የሚል መልስ ለመቀበል አትቸኩዪ። የእርዳታ ፕሮግራሙ ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ አገር ገብቷል። ወረቀት የያዘ ሰው በራፍ ላይ ሲቆም ሰው መዝጋቢ መጣ ይላል፤ ስሜ ይሰረዛል ብሎም ይሰጋል፤ ስለዚህ «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፍሻል። እንደማትመዘግቢ፣ እንደማትሰርዢም አስቀድመሽ ንገሪ። የቀበሌ ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ የሰማሽውን ለብቻው ያዥው፤ በማግስቱ ብቻሽን ተመለሺ።

7. ሥራው ካለቀ በኋላ ተመልሰሽ ሂጂ። በደርግ ዘመን በወሎ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠራ፤ ፎቶው ያምር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ግን ብዙው በገበሬው እጅ ፈረሰ። አንዳንዱ ማሳዬን አጠበበው አለ፣ አንዳንዱ የአይጥ መደበቂያ ሆነ አለ፤ ከሁሉ በላይ ግን መሬቱ የኔ ነው ብሎ አላመነም። በ1976 ዓ.ም. መጥቶ የሄደ አጥኚ ይህን ከየት ያገኘዋል? የስዊሱ የጂኦግራፊ ሰው ሐንስ ሁርኒ ያቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር በደሴ አጠገብ ማይባር ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 መለኪያ ተክሎ የሚታጠበውን አፈር ዓመት ከዓመት መዘገበ። ያ ትዕግሥት ለአፈር ከተገባ ለሰው አይገባም?

ላሊበላንም እንዲሁ እዪያት። በ2011 የመጣ ሰው ወጣቱ በአስጎብኚነትና በሆቴል ሥራ እንደሚኖር ጽፏል፤ አልዋሸም። ከዚያ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ በ2013 መጨረሻ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ውስጥ ገባ፤ እንግዳ ጠፋ። እርሻውን ትቶ ለቱሪስት የተዘጋጀ ቤተሰብ በዚያ ወቅት ምን በላ? አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ አጥኚ ይህን አያይም።

8. የጻፍሽውን ለነገሩሽ ሰዎች በአማርኛ አምጪላቸው። የብሪዶኖ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ነው፤ የአሉላ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፕሮፌሰር መስፍን ስለ ረሃብ የጻፉትም ዋናው በእንግሊዝኛ ነው። ኩራኩር ላይ ያለች እናት ሦስት ሰዓት ተቀምጣ ኑሮዋን ለአጥኚ አወራች፤ ቡናም አፈላች፤ ስለ እሷ የተጻፈውን ግን አላየችም። በፈረንጅ ምሁር አልፈርድም፤ ይህ የእኛ ዕዳ ነው፤ አንቺም የዕዳው ወራሽ ነሽ። ሃያ ገጽ ይበቃል። አንዱን ቅጂ ለእድሩ ዳኛ፣ አንዱን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስጪ፤ አንዱን ደግሞ አንቺው ቁጭ ብለሽ አንብቢላቸው። ሲያርሙሽ አትከፊ፤ እርማታቸውን ጻፊው።

ወፍራም ጋቢና ሁለት ደብተር ያዢ። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው፤ ከአቡነ ዮሴፍ ጥግ እስከ ቆላው ድረስ ያለው ሰው እዚያ ይወጣል። አርብ ማታ እንድትደርሺ እጠብቅሻለሁ።