የኤዮርል ቤት፦ በመሐላ የቆመ የፈረሰኞች ወገን

ክርክሩ የተነሳው ከመኝታ ክፍል ነው። ከመካከላችን ገሚሱ «በምናብ የተፈጠረ የነገሥታት ታሪክ ለአስተማሪ ምን ያደርግለታል? ጊዜ ማጥፊያ ነው እንጂ» ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ «ልጆች ስለ ጀግንነት የሚሰሙት ከእንዲህ ያለው ታሪክ ነው፤ እኛ ባንነግራቸውም በፊልም ያዩታል» አለ። በቃል ብቻ ስንከራከር ከምናመሽ አንድ ቤት መርጠን ከሥሩ እናጥና ተባባልን። የመረጥነውም የኤዮርልን ቤት፣ ማለትም የሮሃንን ነገሥታት ነው።

የዚህ ቤት ፈጣሪ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1892 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በብሉምፎንቴን ተወልዶ እንግሊዝ አገር ያደገ፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንቱን እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። እንደኛው የአስተማሪ ወገን መሆኑ ነው። «የቀለበቶቹ ጌታ» የተሰኘው መጽሐፉ በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ታተመ። ለሮሃን ሰዎች ስም ሲያወጣ ከሚያስተምረው ቋንቋ ወሰደ። ኤዮመርና ኤዮዊን በሚሉት ስሞች መነሻ ላይ ያለው ቃል ፈረስ ማለት ሲሆን፣ ቴዮደን ማለት ደግሞ የሕዝብ ጌታ ማለት ነው። የጥንቶቹ አንግሎ ሳክሶኖች ባመዛኙ በእግር የሚዋጉ ሰዎች ነበሩ፤ ፈረሱን የጨመረላቸው እሱ ነው።

የቤቱም ታሪክ የሚጀምረው በፈረስ ነው። የኤዮርል አባት ሌዮድ ፈረስ በመግራት የታወቀ የሰሜን አለቃ ነበር። አንድ ነጭ ውርንጭላ ይዞ አሳደገ። ውርንጭላው ጎለበተ፤ ነገር ግን ማንም ሊገራው አልቻለም። ሌዮድ ደፍሮ ወጣበት። ፈረሱ ይዞት ጋለበና አሽቀንጥሮ ጣለው፤ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ተጋጭቶ ሞተ። ዕድሜው 42 ነበር፤ የልጁ የኤዮርል ደግሞ 16። ልጁ የአባቱን ደም ሊመልስ ማለ። ብዙ ጊዜ ፈልጎ ፈረሱን አገኘው። አብረውት የነበሩት ሰዎች ለቀስት እስኪመች ይቀርብና ይገድለዋል ብለው ሲጠብቁ፣ እሱ ግን ብድግ ብሎ ፈረሱን ጠራው። የአባቱ ደም ካሳ እንዳለበት፣ ካሳውም ነፃነቱ እንደሆነና ዕድሜውን ሙሉ እንደሚሸከመው ነገረው። ፈረሱም መጥቶ ቆመ። ኤዮርል ያለ ልጓም ተቀምጦበት አገሩ ገባ፤ ስሙንም ፌላሮፍ አለው። (ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እያለ በፈረስ ስም ለሚጠራ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።)

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብዙ ተነጋግረናል። ደም ካሳ ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ደም በደም እየተመለሰ ዘር እንዳያልቅ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚጨርሰው ጉዳይ ነው። ታዲያ ይህ የጦረኞች ቤት ስሙን ያገኘው በመግደል ሳይሆን መግደል እየቻለ በመተው ነው። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ይህን አያገኘውም።

ሁለተኛው መሠረት መሐላው ነው። በ2510 (ዓመቶቹ በመጽሐፉ «ሦስተኛው ዘመን» በሚባለው አቆጣጠር ናቸው) ጎንዶር የተባለው ታላቅ መንግሥት ከምሥራቅ በመጣ ጠላት ተወረረ። እንደራሴው ኪሪዮን ወደ ሰሜን መልእክተኞች ላከ፤ ኤዮርል ዘንድ የደረሰው ግን አንዱ ብቻ ነው። ኤዮርል ፈረሰኞቹን አስከትቶ ያንን ሁሉ መንገድ ገሥግሦ በኬሌብራንት ሜዳ ደረሰና ጎንዶርን አዳነ። ኪሪዮንም ሰው አልባ ሆኖ የነበረውን ሰፊ አገር ሰጠው። ኤዮርል በበኩሉ ጎንዶር በጠራ ጊዜ ሁሉ እሱም ወራሾቹም ሊመጡ ማለ። የመሐላው ዝርዝር የሚገኘው ደራሲው ከሞተ በኋላ ልጁ ክሪስቶፈር በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ነው።

መሐላ መማል ቀላል ነው፤ መክፈሉ ነው እንጂ ጭንቁ። በ2885 ጎንዶር በደቡብ በኩል በተጠቃ ጊዜ ንጉሥ ፎልክዊን መንታ ልጆቹን ፎልክሬድንና ፋስትሬድን ላከ። ሁለቱም በፖሮስ መሻገሪያ ጎን ለጎን ወደቁ። የጎንዶሩ እንደራሴ ለአባታቸው ብዙ ወርቅ የደም ካሳ ሰደደ። ወርቁን ሲቀበል ምን እንዳለ መጽሐፉ አይነግረንም።

ይሁን እንጂ የቤቱ ሰው ሁሉ ቃሉን በቦታው የተጠቀመ እንዳይመስለን። ሁለተኛው ንጉሥ ብሬጎ ሜዱሴልድ የተባለውን አዳራሽ ጨርሶ በ2569 ድግስ ሲደግስ፣ ልጁ ባልዶር ዋንጫ ይዞ በሙታን መንገድ አልፋለሁ ብሎ ፎከረ። ማንም አልጠየቀውም እኮ! ገባ፤ አልተመለሰም። አባትየው በዓመቱ በሐዘን ሞተ። የኤዮርል ቃል ለሌላው ሰው የተገባ ነው፤ የባልዶር ለራሱ ስም። ለተማሪ ስለ ጀግንነት ስናስተምር እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበጃል ብለን እናምናለን።

ዘጠነኛው ንጉሥ ሄልም ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ፍሬካ የሚባል ባለ ብዙ መሬት ጌታ በ2754 ሸንጎ ላይ የንጉሡን ልጅ ለልጁ ለዉልፍ ጠየቀ። ተሰዳደቡ። ከሸንጎው በኋላ ሄልም ፍሬካን ወደ ሜዳ ይዞት ወጣና በቡጢ መታው፤ ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ ዉልፍ የደንላንድን ሰዎች አስከትሎ መጣ፤ ከተማውን ያዘ፤ በሜዱሴልድም ተቀመጠ። የሄልም ሁለት ወንዶች ልጆች በዚያው ጦርነት አለቁ። ሄልም ራሱ በረዶው ለአምስት ወር ያህል ምሽጉን ከቦ በያዘበት ክረምት ያለ መሣሪያ እየወጣ ጠላትን ሲያስጨንቅ ቆይቶ፣ አንድ ሌሊት ደርቆ እንደ ቆመ ሞቶ ተገኘ። ዙፋኑን ያስመለሰው የእህቱ ልጅ ፍሬያላፍ ነው።

የደንላንድ ሰዎች ከየት መጡ? ይህን ጥያቄ ያነሳው ክርክሩን «ጊዜ ማጥፊያ» ያለው ወገናችን ነው፤ ደግ አደረገ። በሦስተኛው ንጉሥ በአልዶር ዘመን ከአይዘን ወንዝ በስተምሥራቅ የቀሩትን የደንላንድ ሰዎች የሮሃን ጦር አባሯል፣ አስገብሯልም። ኪሪዮንና ኤዮርል መሬቱን ሲሰጣጡ እነዚህን የጠየቃቸው አልነበረም። በ3019 በሄልም ሸለቆ ውጊያ ሲሸነፉና ሲማረኩ፣ በእሳት ይቃጠላሉ የሚል ወሬ ስለሰሙ ሞታቸውን ይጠብቁ ነበር። የሮሃን ሰዎች ግን የፈረሰውን ምሽግ አስጠገኗቸው፣ ታጥቀው ወንዙን ላይሻገሩ አስማሏቸው፣ ለቀቋቸው። ከኤዮርልና ከፈረሱ ነገር ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን መሬቱን አልመለሱላቸውም።

በዚያው ዓመት የጎንዶር መልእክተኛ ቀዩን ፍላጻ ይዞ መጣ። ከመሐላው 509 ዓመት አልፏል። ንጉሥ ቴዮደን ሸምግሏል፤ አንድ ልጁ ሞቷል፤ ጦሩም ከውጊያ መውጣቱ ነው። ሆኖም 6000 ያህል ፈረሰኞች ይዞ ሄደ፤ በፔለኖር ሜዳም ወደቀ።

ክርክራችን ያልተቋጨው ግን በኤዮዊን ላይ ነው። ቴዮደን ቀደም ሲል ለጦርነት ሲነሳ «በእኔ ቦታ ማን ይቅር?» ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ። ከኤዮርል ቤት ሰው ይሁንልን አሉት። ንጉሡ ከኤዮመር በቀር የቤቱ ሰው እንደሌለ ተናገረ። የእህቱ ልጅ ኤዮዊን ግን እዚያው አጠገቡ ቆማለች! መኖሯን ያስታወሰው በር ጠባቂው ሃማ ነው። እሷም ሕዝቡን በአደራ ተቀበለች። ኋላ ወደ ጎንዶር ጉዞ ሲጀመር ግን ወንድ መስላ፣ ስሟንም ቀይራ ከጦሩ ጋር ተቀላቀለች፤ ትቀራለህ የተባለውን ትንሹን ሜሪንም ይዛው ሄደች። ቴዮደን ሲወድቅ ቤተኞቹ ሞተዋል ወይም ፈረሶቻቸው በርግገው ይዘዋቸው ሸሽተዋል፤ በላዩ የቆመችለት እሷ ናት። በወንድ እጅ አይወድቅም የተባለውን የናዝጉሎች አለቃም ሜሪ ከኋላ ጉልበቱን ወጋው፤ እሷ ጣለችው።

አንዳንዶቻችን አደራ በልታለች እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ከቤቱ ሰው ያልቆጠሯትን ሰው የቤቱ መሐላ እንዴት ያስራታል እንላለን። እኛ አዘጋጆቹ ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን፤ ግን አደራው አደራ መሆኑን አልካድንም።

ይህን ስናነብ ወደ ሄልም ዘመን ተመልሰን አንድ ነገር ፈለግን፤ ያ ሁሉ ጦርነት የተነሳባት የሄልም ልጅ ስሟ ማን ነው? በመጽሐፉ የለም። የሁለቱ ወንድሞቿ ስም አለ። ሄራ የሚል ስም የወጣላት በ2024 በወጣው የሥዕል ፊልም ነው። በፔለኖር ሜዳ ግን የቴዮደን ፈረስ ስኖውሜን በወደቀበት ተቀብሮ፣ በሁለት ቋንቋ የተጻፈበት ድንጋይ ቆሞለታል።