የመጀመሪያው የጎሽ አደን ውጥን

ሀ. ምንባብ

ከካርቱም ከተማ በስተምሥራቅ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር፣ አል-ማንሺያ የተባለ ሰፈር ይገኛል። በክረምት ወራት ከዚህ ሰፈር ዳርቻ ቆሞ ወንዙን የሚመለከት ሰው፣ ውሃው ደፍርሶና ቀልቶ፣ ግንድና ቅጠል እያግበሰበሰ ሲወርድ ያያል። ያ ደለል ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ ተራሮች የተጠረገ አፈር ነው። ከሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከተማይቱን ጦርነት ቢያጎሳቁላትም ወንዙ መንገዱን አልለወጠም። ከጣና በስተምዕራብ ካለው ደጋ የሚነሡት ዲንደርና ረሃድም የሱዳንን ሜዳ አቋርጠው፣ ካርቱም ሳይደርሱ፣ ከዚሁ ወንዝ ጋር ይቀላቀላሉ። በእነዚህ ወንዞች፣ እንዲሁም በአትባራና በሰቲት መካከል የተዘረጋው ቆላ ከጥንት ጀምሮ የጎሽ፣ የዝሆንና የአንበሳ አገር ነበር። ሰቲት ማለት የእኛው ተከዜ ወደ ቆላ ሲወርድ የሚጠራበት ስም መሆኑን ልብ በሉ።

ወደ እንዲህ ያለ ቆላ ወርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎሽ ለማደን የሚያስብ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ምን ምን ማሰናዳት ይኖርበታል? የዚህ ምንባብ ጉዳይ ይኸው ነው።

በአገራችን ጎሽ መጣል እንደ ትልቅ ጀግንነት ይቆጠር ነበር። ግዳይ የጣለ አዳኝ ጠጉሩን ቅቤ ተቀብቶ፣ እየፎከረና እየሸለለ ወደ መንደሩ ይገባል፤ ዘመድ አዝማድም በእልልታ ይቀበለዋል። የጎሹ ቆዳ እጅግ ወፍራምና ጠንካራ ስለ ሆነ ለጋሻ ይመረጥ ነበር። ነገር ግን ፉከራው ስለ ገዳዩ ክንድ እንጂ ስለ ስንቁ፣ ስለ መንገድ መሪውና ስለ ነፋሱ አቅጣጫ ብዙም አይናገርም። ፉከራ ብቻ ሰምቶ ያደገ ወጣት አደን ማለት ደፋር ሆኖ መገኘት ብቻ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ውጥኑ የሚጀመረው ከፈቃድ ነው። በኢትዮጵያ የአደን እንስሳትን ለመጠበቅ በ1936 ዓ.ም. ዐዋጅ ወጥቶ ነበር፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የዱር እንስሳትን ልማትና ጥበቃ የሚመራ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት በዐዋጅ ተቋቁሟል። በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ማደን ክልክል ነው። በሱዳን በኩል ያለው የዲንደር ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1935 የተከለለ ሲሆን፣ በእኛ በኩል ከእርሱ ጋር የሚዋሰነው በቋራ ወረዳ የሚገኘው የአልጣሽ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. ተመሥርቷል። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው የጥንቱ የአደን ቆላ ሰፊው ክፍል ዛሬ ለአዳኝ የተዘጋ ነው።

ይህ ጥበቃ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ደስታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ገብቶ የአገሪቱን ከብት ፈጀ፤ «ክፉ ቀን» የተባለውም ረኃብ ተከተለ። በሽታው በበሬና በላም ብቻ አልተወሰነም። ጎሽም የከብት ዘመድ ነውና በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ መንጋው እንደ ቅጠል ረገፈ። በሽታው ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ የተነገረው በ2003 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ፈቃድ ሰጪው ስለ ቁጥር፣ ስለ ጾታና ስለ ዕድሜ አጥብቆ ቢጠይቅ አዳኙ ሊከፋው አይገባም። እናትዮዋንና ጥጃዋን መምታት ነውር መሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበር፤ «ጎሽ ለልጇ ስትል ተወጋች» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የእናትነትን ፍቅር ሲገልጽ፣ ጥጃ ያላት ጎሽ ከአደጋ እንደማትሸሽም ያስተምራል።

ከፈቃዱ ቀጥሎ አውሬውን ማወቅ ያስፈልጋል። የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ኮርማ ጎሽ ከአምስት መቶ እስከ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በሱዳንና በሰሜኑ ክፍል የሚገኘው ከዚህ ያንሳል። ዕድሜው በገፋ ኮርማ ላይ የሁለቱ ቀንዶች ሥር በግንባሩ ላይ ሰፍቶና ደንድኖ ይገጥማል፤ ገና ወይፈን የሆነው ግን በመካከሉ ለስላሳና ጠጉራም ስፍራ ይታይበታል። አዳኙ የሸመገለውን ከወጣቱ የሚለየው በዚህ ነው። የሸመገሉ ኮርማዎች ከመንጋው ተለይተው ብቻቸውን ወይም ሁለት ሦስት ሆነው ይውላሉ። ጎሽ በየዕለቱ ውሃ መጠጣት ይወዳል፤ ሌሊትና ማለዳ ይግጣል፤ ፀሐይ ሲበረታ ከጥላ ሥር ተኝቶ ያመሰኳል። ዓይኑም ጆሮውም ደካማ አይደለም፤ አዳኝን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጋልጠው ግን አፍንጫው ነው።

የበጋው ወራት የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። በክረምት ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ ውሃም በየስፍራው ስለሚገኝ መንጋው ይበተናል። በበጋ ግን ሣሩ ይደርቃል ወይም ይቃጠላል፤ ጎሹም ከቀሩት የውሃ ጉድጓዶች ብዙ አይርቅም። አዳኙ ጎሕ ሲቀድ ከውሃው ዳር ይደርሳል፤ ዱካው ትኩስ መሆኑንና ፋንድያው አለመድረቁን አይቶ ይከተላል። ብልህ መሪ ጥቂት አመድ በስስ ጨርቅ ቋጥሮ ይይዛል። ጨርቁን ሲያራግፈው አመዱ ወደ ጎሹ ከበነነ መንገዱን ትቶ በሌላ በኩል ይዞራል፤ ወደ ራሱ ፊት ከመጣ ግን ይቀጥላል። በጎሹ ጀርባ ላይ መዥገር የሚለቅሙ ወፎች ቢኖሩ ደግሞ ድንገት ጮኸው ሲነሡ የግማሽ ቀን ድካም ከንቱ ይሆናል።

የአደን ጓደኛ ምርጫ ከጠመንጃ ምርጫ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1764 ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ስናር ሲወርድ፣ የወይዘሮ አስቴር ልጅ በሆነው በአቶ ክንፉ ግዛት በቆላው ውስጥ ፈረሰኞች ዝሆንን በሰይፍ ሲያድኑ ተመልክቷል። ከዘጠና ዓመት በኋላ በሰቲት ዳር ይኖሩ የነበሩት የሐምራን ዐረቦችም በዚሁ ዘዴ ያድኑ ነበር። አንዱ ፈረሰኛ ከዝሆኑ ፊት እየጋለበ አውሬውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ሌላው ከኋላ ደርሶ ከፈረሱ በመውረድ የኋላ እግሩን ቋንጃ በሰይፍ ይቆርጣል። የፊተኛው ፈረሰኛ ሕይወት በኋለኛው እጅ ነው፤ የኋለኛውም እንዲሁ በፊተኛው። ማን ምን እንደሚሠራ የሚወሰነው አውሬው ከመታየቱ በፊት ነበር፤ በሩጫ መካከል መመካከር የለም።

ይህን አደን ከሐምራኖች ጋር ሆኖ የተመለከተው ሳሙኤል ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ ነው። የቤከር ዋና ዓላማ የነጭ ዓባይን ምንጭ ማግኘት ነበር፤ ነገር ግን አረብኛ ሳያውቅ ይህን መንገድ መጀመር እንደማይገባው ስለ ተረዳ አንድ ዓመት ያህል በአትባራ፣ በሰቲት፣ በረሃድና በዲንደር ወንዞች አካባቢ ቋንቋ እየተማረና እያደነ ቆየ። ከዚያም ከሚስቱ ከፍሎረንስ ጋር በሰኔ ወር 1854 ዓ.ም. ካርቱም ገባ። ካርቱም በግብፅ የጦር ሰፈርነት ከተቆረቆረች ገና አርባ ዓመት ያህሏ ነበር። ወደ ነጭ ዓባይ የሚወጡት ነጋዴዎች ብዙዎቹ በዝሆን ጥርስ ስም ባሪያ የሚፈነግሉ ስለ ነበሩ አንድ እንግዳ ያንን አገር እንዲያይ አልወደዱም።

ቤከር ለመሰናዳት ስድስት ወር ያህል በካርቱም ተቀመጠ። ሦስት መርከቦች ተከራየ፤ አርባ አምስት የታጠቁ ሰዎች ቀጠረ፤ ከመርከበኞቹ ጋር ጠቅላላው ሰው ዘጠና ስድስት ደረሰ። ሃያ አንድ አህዮች፣ አራት ግመሎችና አራት ፈረሶችም ጫነ። እህሉ፣ ባሩዱና መድኃኒቱ ሁሉ ተቆጥሮ ገባ። ከፊታቸው ገበያ የሌለበት አገር ስለ ነበር ከካርቱም የተረሳ ነገር እስከ መመለሻ የተረሳ ነው። ለአነስተኛ አደን የሚሰናዳ ሰውም መጠኑን ቀንሶ ይህንኑ ማድረግ አለበት። ወባ ላለበት ቆላ መድኃኒት፣ ገንዲ ላለበት አገር ከበቅሎና ከፈረስ ይልቅ የሰው ተሸካሚ፣ ለሥጋውም ጨው፣ ቢላዋና ገመድ ያስፈልጋል። አንድ ኮርማ ብዙ መቶ ኪሎ ሥጋ ይወጣዋል፤ በቆላ ሙቀት ደግሞ ሥጋ በአንድ ቀን ይበላሻል። ስለዚህ ቋንጣ የሚዘለዝሉት ሰዎች ከተኳሹ ብዙ መራቅ የለባቸውም። ይህን የዘነጋ አዳኝ ያን ያህል አውሬ ገድሎ ለጅብ ያወርሳል።

ስለ ጠመንጃ ረጅም ሐተታ አያሻም። ብዙ የአፍሪካ አገሮች ለጎሽ ከዘጠኝ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ያነሰ አፈ ሙዝ ያለውን ጠመንጃ ይከለክላሉ። ጀማሪ የሚሳሳተው ከፍ አድርጎ በማነጣጠር ነው። የጎሽ ልብ ከደረቱ ታችኛ ክፍል፣ ከፊት እግሩ በላይ ይገኛል፤ ስለዚህ አውሬው በጎኑ ሲቆም ጥይቱ ከፊት እግሩ መስመር ላይ፣ ከሰውነቱ ቁመት በታችኛው ሲሶ መግባት አለበት። መቶ እርምጃ የማይሞላ ርቀት እስኪደርስ፣ ቅርንጫፍ በመካከል እስከማይኖር ድረስ መታገሥ ይገባል። አመቺ ሁኔታ ካልተገኘ ሳይተኩሱ መመለስንም ውጥኑ አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ ለጀማሪ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ይመስለኛል።

የቤከር መርከቦች በታኅሣሥ ወር 1855 ዓ.ም. ከካርቱም ተነሡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በነጭ ዓባይ ረግረግ ዳር፣ አንድ ኮርማ ጎሽ ታየ። ቤከር ተኩሶ መታው፤ አውሬውም ወደቀ። ሥጋ የናፈቃቸው ሰዎች የሞተ መስሏቸው ቀረቡ። ጎሹ ግን ቆስሎ ነበር እንጂ አልሞተም። ድንገት ከሣሩ ውስጥ ተነሥቶ ከሰዎቹ አንዱን በቀንዱ ወግቶ ገደለው። ስድስት ወር የፈጀ ዝግጅት፣ በልምዱ የታወቀ ተኳሽ፣ ብዙ ጠመንጃ፣ ሁሉም በአቅራቢያው ነበሩ። የጎደለው አውሬው ከወደቀ በኋላ ማን አስቀድሞ እንደሚቀርብ፣ ከየት በኩል እንደሚቀርብ፣ ሌሎቹም እስከዚያ የት እንደሚቆሙ የሚደነግግ ትእዛዝ ነው። ቤከር ጉዞውን ቀጥሎ በመጋቢት 1856 ዓ.ም. አልበርት ብሎ ከሰየመው ሐይቅ ደረሰ፤ ያ ሰው ግን ከወንዙ ዳር ቀረ።

አዳኞች እንደሚመሰክሩት የቆሰለ ጎሽ ወደ ጥቅጥቅ ደን ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜም ዞሮ የራሱን ዱካ ከጎን እያየ ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት የተመታ ጎሽ ከዓይን ከተሰወረ ወዲያው አይከተሉትም፤ ጥቂት ጊዜ ይቆያሉ፤ ጠመንጃቸውን ሞልተው፣ ዱካውን መሪው ሲያይ ተኳሹ ፊት ፊቱን እያየ፣ ቀስ ብለው ይገባሉ። ወድቆ ቢገኝም ከኋላው ይቀርቡና ሌላ ጥይት ይጨምሩለታል። በመጨረሻም አንዱ በረጅም ዘንግ የተከፈተ ዓይኑን ይነካል። ዓይኑ ካልተርገበገበ ሥጋ ቆራጮቹ ይጠራሉ።

ለ. የቃላት ፍች

ውጥን፦ ሊሠሩት የታሰበ ሥራ ጅምርና ዕቅድ።
ግዳይ፦ በአደን ወይም በጦርነት የተገደለ።
ደለል፦ ጎርፍ ጠርጎ የሚያመጣው አፈር።
ቋንጃ፦ ከጉልበት በስተኋላ ያለ ጅማት።
ገንዲ፦ በዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ የጋማና የቀንድ ከብት በሽታ።
መፈንገል፦ ሰውን ይዞ ለባርነት መሸጥ።

ሐ. ጥያቄዎች

1. የጥንቱ የጎሽ አደን ቆላ ሰፊው ክፍል ዛሬ ለአዳኝ የተዘጋው ለምንድን ነው? በምንባቡ ከተጠቀሱት ማስረጃዎች ሁለቱን ጥቀሱ።
2. አመድ የተቋጠረበት ጨርቅ ለአዳኝ ምን ይጠቅመዋል? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
3. የሐምራን አዳኞች የሥራ ክፍፍል በነጭ ዓባይ ዳር ከደረሰው አደጋ ጋር ሲነጻጸር ምን ልዩነት ይታይበታል?
4. «ጎሽ» የሚለው ቃል የአውሬ ስም ሲሆንና «ጎሽ!» ተብሎ ለማበረታቻ ሲነገር የሚኖረውን ልዩነት የሚያሳዩ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ።
5. በአካባቢያችሁ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ስለ ቀድሞው አደን የሚያውቁትን ጠይቃችሁ፣ የሰማችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡ። ስትጽፉ ከፉከራው ይልቅ በስንቁ፣ በመንገዱና በጓደኛ ምርጫው ላይ አተኩሩ።