ሆድ ሳይነፋ ጥራጥሬ መጨመር፦ የአንጀት ባክቴሪያን በጓዳ ምግብ መመገብ

በትልቁ አንጀታችን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የሚበሉት እኛ መፍጨት ያቃተንን ነው። ስኳሩና ቅባቱ፣ የሥጋውም አብዛኛው በትንሹ አንጀት ተመጥጦ ያልቃል። ወደ ታች የሚደርሳቸው የጥራጥሬው፣ ያልተፈተገው እህልና የአትክልቱ አሰር፣ ማለትም ፋይበር ነው። እሱን ሲያብላሉ ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ምግባቸው ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲያገኝ ይመክራል። አስቸጋሪው አጨማመሩ ነው። ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወው እዚያ ላይ ነው፤ እኔም የተማርኩት በራሴ ሆድ ነው።

መጀመሪያ እህሉን ያስተካክሉ። ጤፍ ከማነሱ የተነሳ ሳይፈተግ ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ የጤፍ እንጀራ የሚበላ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ውጭ አገር በነጭ ዱቄትና በሩዝ የተደባለቀ እንጀራ የሚገዙ ከሆነ ግን የጤፉን መጠን ይጠይቁ። ያደረ እንጀራና ቀዝቅዞ የቆየ ድንችም ጥሩ ነው፤ ስታርቹ ሲቀዘቅዝ ከፊሉ ለመፈጨት ስለሚያስቸግር ለባክቴሪያዎቹ ይተርፋል።

ከዚያ ጥራጥሬው ይመጣል፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተርና ምስር ውስጥ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች አሉ። ሰውነታችን እነሱን የሚሰብር ኢንዛይም ስለሌለው ሳይነኩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፤ ባክቴሪያዎቹም ሲበሏቸው ጋዝ ይወጣል። ጋዙ በራሱ በሽታ አይደለም። ነገር ግን ሥጋና ወተት የለመደ ሆድ ላይ ድንገት ሽሮ በቀን ሁለቴ ሲወርድበት ይነፋል፣ ይቆርጣል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ስንቱ «ጥራጥሬ አይስማማኝም» ብሎ ወደ ዳቦና ፓስታ ይሸሻል! ጥራጥሬው ሳይሆን ፍጥነቱ ነው ያልተስማማው።

ስለዚህ የቅበላው ሰሞን ሳይደርስ፣ ገና ፍስክ እያለ ይጀምሩ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ ማዕድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተቀቀለ ምስር ይበቃል፤ በእውነት ይበቃል። ሆድዎ ጸጥ እስኪል እዚያው ላይ ይቆዩ፣ ከዚያ አንድ ማንኪያ ይጨምሩ። ከነፋዎት ወደ ቀደመው መጠን ይመለሱ እንጂ አያቁሙ፤ ካቆሙ እንደገና ከዜሮ ነው የሚነሱት። ሦስት አራት ሳምንት ይስጡት። ውሃም አይርሱ፤ አሰር ያለ ውሃ ሆድ ያደርቃል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት የፒትስበርግ አፍሪካ አሜሪካውያንንና የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎችን ምግብ አቀያይሮ ነበር። የአሜሪካኖቹ ዕለታዊ አሰር ከ14 ወደ 55 ግራም ሲወጣ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የቡቲሬት ምርታቸው ጨመረ፣ የአንጀት ግድግዳቸው ብግነት ቀነሰ። ባክቴሪያ እንዲህ ፈጥኖ ይለወጣል። እነሱ ግን ምግባቸው በተመራማሪዎች ተዘጋጅቶ፣ በክትትል ሥር ነው የበሉት። እርስዎ ቤትዎ ሆነው ሥራ የሚሄዱ፣ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቀው የሚቀመጡ ሰው ነዎት፤ ዝግታው ለእርስዎ ነው የሚበጀው።

አዘገጃጀቱም ያግዛል። ባቄላና ሽምብራን ሌሊቱን ዘፍዝፈው ውሃውን ይድፉት፤ የስኳሮቹ ከፊል አብሮ ይሄዳል። በአዲስ ውሃ እስኪፈርስ ይቀቅሉ። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ ይህ አይቻልም፤ ረጅም ጊዜ ያንተክትኩት፣ በትንሹም ያውጡ። የእኔ ምርጫ ግን ጉንቁል ነው። ባቄላውን አንድ ሌሊት ዘፍዝፎ ማጠንፈፍ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጠዋትና ማታ ማለቅለቅ፣ ጎንቆል ሲያወጣ በደንብ መቀቀል። ባቄላው ለመብቀል እነዚያኑ ስኳሮች ይበላቸዋል፤ ለሆድ በጣም ይቀላል። ጥሬውን ግን አይብሉ፤ የጎነቆለ እህል ላይ ጀርም በቀላሉ ይራባል።

በፍስክ ቀን እርጎ ይጨምሩ። ወተቱን አፍልተው፣ ጣት የሚችለው ያህል ለብ ሲል ከቀድሞው እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምረው ይክደኑት። ሳይፈላ የረጋ ወተት ብሩሴላና የከብት ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ማፍላቱን አይዝለሉ። እንጀራ በምጣድ፣ አይብም አሬራው በእሳት ሲረጋ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎቻቸው ይሞታሉ፤ ስለዚህ ሕያው ባክቴሪያ የሚያገኙት ከእርጎው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በወጣ ጥናት፣ ለ10 ሳምንታት እርጎና መሰል የተብላሉ ምግቦችን በብዛት የበሉ ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያቸው ዓይነት በርክቷል።

ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ያለው ፕሮባዮቲክ የሚባለው የሕያው ባክቴሪያ እንክብል ለብዙ ጤነኛ ሰው አያስፈልግም። አንቲባዮቲክ ጨርሶ ወዲያው እሱን መግዛት የተለመደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የእስራኤሉ የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች ያዩት ግን፣ ከአንቲባዮቲክ በኋላ ፕሮባዮቲክ በወሰዱት ሰዎች ላይ የራሳቸው ባክቴሪያ ወደ ቦታው መመለሱ መዘግየቱን ነው። በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም ፈቃድ ጨርሶ አይንካው።

የብረት እንክብልም ሳይመጠጥ የቀረው ወደ ታች ወርዶ መጥፎዎቹን ባክቴሪያዎች ሊመግብ ይችላል። ቢሆንም ለነፍሰ ጡር ወይም ደም ላነሰው ሰው ከታዘዘ በራስዎ አያቁሙት፤ ሆድዎን ካስቸገረዎት ያዘዘውን ሐኪም መጠኑን ይጠይቁ። ሰገራ ላይ ደም ካዩ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለብዎት የምስሩን ማንኪያ መቁጠር ትተው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።