ቅጠል ስለ አየር የሚሰጠው ምስክርነት

አየር በዓይን አይታይም። ውሃ ቢደፈርስ በብርጭቆ ቀድተን ወደ ብርሃን ስናነሣው እናውቀዋለን፤ አየር ግን ቢጠራም ቢደፈርስም ሳንመረምረው ወደ ሳንባችን ይገባል። የአየርን ንጽሕና የሚለካው መሣሪያ ዋጋው ከፍ ያለ ስለ ሆነ በየትምህርት ቤቱ አይገኝም። ነገር ግን በየደጃችን የቆመው ዛፍ ቀንና ሌሊት ያንኑ አየር ሲቀበል ይኖራልና የደረሰበት ነገር ሁሉ በቅጠሉ ላይ ምልክት ይተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ምልክት እንዴት እንደሚነበብ፥ የሚያነበውም ሰው በምን ሊሳሳት እንደሚችል ለጓደኞቼ ተማሪዎች ማስረዳት ነው።

ቅጠል እንዴት ይተነፍሳል?

በቅጠል ገጽ ላይ፥ ይልቁንም በታችኛው በኩል፥ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ በቀር የማይታዩ ስቶማታ የሚባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ተክል ምግቡን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገባው፥ ኦክስጅንና የውሃ ተን የሚያስወጣውም በእነዚህ በሮች ነው። በሩ በተከፈተ ጊዜ ግን ከጠቃሚው ጋር ጎጂውም ጋዝ አብሮ ይገባል። ሰው አየሩ ቢከፋበት ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል፤ ተክል ግን ሥሩ ስለ ያዘው ወዴትም አይሸሽም።

የምልክቶቹ ዓይነት

1ኛ/ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፦ ድኝ ያለበት ነዳጅ ሲቃጠል፥ እሳተ ገሞራም ሲፈነዳ የሚወጣ ጋዝ ነው። ይህ ሲበዛ በቅጠሉ ጅማቶች መካከል ያለው ክፍል ይገረጣል፤ ጅማቶቹ ግን አረንጓዴ እንደ ሆኑ ይቆያሉ።

2ኛ/ ኦዞን፦ ከመኪና ጭስ የሚወጡ ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ኃይል ተለዋውጠው የሚፈጥሩት ነው። በቅጠሉ የላይኛው ገጽ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ያወጣል።

3ኛ/ ፍሎራይድ፦ ከጡብ ማቃጠያ ምድጃ፥ ከአሉሚኒየም ፋብሪካና ከእሳተ ገሞራ ይወጣል። በቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ተጠራቅሞ ያንኑ ክፍል ያደርቀዋል።

4ኛ/ 2፥4-ዲ የተባለው የአረም ማጥፊያ፦ ነፋስ ወስዶ በጥጥ ላይ ሲያሳርፈው አዲስ የሚወጣው የጥጥ ቅጠል ስፋቱ ቀርቶ እንደ ጣት እየቀጠነ ይረዝማል። ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሰፊ የጥጥ እርሻ በተቋቋመበት በዱብቲ ይህን ምልክት ማወቅ ለገበሬ ልጅ ሁሉ ይጠቅማል።

5ኛ/ አቧራና ጥቀርሻ፦ ቅጠሉን ሸፍነው ብርሃን ይከለክሉታል፤ ስቶማታውንም ይደፍናሉ።

ይህ ዕውቀት ዛሬ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1866 ዊልያም ኒላንደር የተባለው የፊንላንድ ተወላጅ የዕፀዋት ሊቅ በፓሪስ ከተማ ሉክሰምቡርግ በሚባለው የአትክልት ስፍራ በዛፎች ቅርፊት ላይ ብዙ ዓይነት ላይከን አገኘ፤ በሌላው የከተማው ክፍል ግን ላይከን እንደ ጠፋ አይቶ ምክንያቱ የአየሩ ንጽሕና ነው አለ። ላይከን ማለት በደጋ አገር ዛፎች ላይ እንደ ሽበት ተንጠልጥሎ የምናየው ዓይነት ፍጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ በአሜሪካ የትምባሆን ቅጠል የሚያዥጎረጉረው ነገር ኦዞን መሆኑ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ቤል-ደብልዩ 3 የተባለው ለኦዞን እጅግ ስሱ የሆነ የትምባሆ ዘር በልዩ ልዩ አገር ከተሞች እየተተከለ የአየር መመርመሪያ ሆኗል።

እኔ የተሳሳትሁበት

ይህን ትምህርት በተማርሁ ሰሞን በመንገድ ዳር ባለ አንድ ግቢ የማንጎ ቅጠል ጫፉና ጠርዙ ቡናማ ሆኖ አየሁ። ወዲያው በደብተሬ ላይ «የመኪና ጭስ ያቃጠለው» ብዬ ጻፍሁ። መምህሬ ደብተሬን አይቶ «ከመንገድ የራቀውን ማንጎ አይተሃልን?» ሲል ጠየቀኝ። ሄጄ ባይ ከመንገድ የራቀውም እንደዚያው ሆኖ አገኘሁት። በታችኛው አዋሽ በመስኖ የሚለማው መሬት ጨው የሚበዛበት ስፍራ ብዙ ነው፤ ማንጎ ደግሞ ጨው አይችልም። ጨው የሚያወጣው ምልክትና ፍሎራይድ የሚያወጣው ምልክት በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የውሃ እጥረትና ብርቱ ሙቀትም እንዲሁ ጠርዙን ያደርቃሉ። እንግዲህ ቅጠል ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም፤ የአንድ ምስክር ቃልም ብቻውን አይበቃም።

በኒም ዛፍ የሚደረግ ፈተና

ለእኛ አገር የሚስማማው ቀላል ፈተና አቧራንና ጥቀርሻን መመርመር ነው። ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች በሎጊያና በሰመራ በኩል ያልፋሉ፤ ዱብቲ ግን ከዚያ ዋና መንገድ ወጣ ያለች ናት። በእነዚህ ከተሞች የኒም ዛፍ ስለሚገኝ አንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር ይቻላል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

ዝናብ ባልዘነበበት ሰሞን በአንድ ቀን፥ አንደኛ ከዋናው መንገድ ዳር፥ ሁለተኛ ከእርሻ አጠገብ፥ ሦስተኛ ከትምህርት ቤት ግቢ ቅጠል ይቆረጣል። ቁመቱ እኩል ከሆነ ቅርንጫፍ፥ ያልጠወለገና ለጋ ያልሆነ ቅጠል ይመረጣል። የእያንዳንዱ ስፍራ ቅጠል ለየብቻው በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ውሃውም አስቀድሞ በተመዘነ ማጥለያ ወረቀት ይጠለላል። ወረቀቱ ደርቆ እንደገና ሲመዘን ጭማሪው የአቧራው ክብደት ነው። የቅጠሎቹን ስፋት ለማወቅ በባለ ካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያቸውን መሳልና ካሬዎቹን መቁጠር ነው። ክብደቱ ለስፋቱ ሲካፈል ሦስቱን ስፍራዎች በትክክል ማወዳደር ይቻላል። ቀለሙንም ማየት ያስፈልጋል፤ የአፈር አቧራ ቡናማ ወይም ነጣ ያለ ነው፥ ጥቀርሻ ግን ጥቁር ሆኖ ጣት ያቆሽሻል።

አንድ ነገር አይዘንጋ። ለሳንባ እጅግ የሚያሰጋው ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር፥ ማለት ከአንድ ሚሊ ሜትር 400ኛ እጅ በታች የሆነው ብናኝ ነው። ይህን የትምህርት ቤታችን ሚዛን ለይቶ አያሳየንም። ፈተናው የትኛው ስፍራ ይበልጥ እንደ ቆሸሸ ይነግረናል፤ መሣሪያ አስቀድሞ የት መተከል እንዳለበትም ያመለክታል።

ቅጠል ምግብም ነው

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በክልላችን በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ አገር ደረሰ። በአቅራቢያው ግን የከብቱን ግጦሽ ሸፈነው። እ.ኤ.አ. በ1783 በአይስላንድ ላኪ የተባለው እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ ከአገሪቱ በጎች 80 ከመቶ ያህሉ አለቁ፤ አንዱ ምክንያት በሣሩ ላይ የወረደው ፍሎራይድ ነበር። አርብቶ አደር ለሆነው ወገናችን ግመሉና ፍየሉ የሚበሉት ቅጠል ምን እንደ ተሸከመ ማወቅ የኑሮ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼን የምለምነው ይህ ነው። ፈተናው አንድ ጊዜ ብቻ ቢደረግ ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ በየዓመቱ በአንድ ወር፥ ከአንድ ዛፍ ቢደረግ ግን አየሩ እየተሻለ ወይም እየከፋ መሄዱን ይነግረናል። እኔ ዘንድሮ ትምህርቴን ጨርሼ እሄዳለሁ። ደብተሩን በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ትቼዋለሁና ከ11ኛ ክፍል አንዱ ተረክቦ የሚቀጥለውን ዓመት ውጤት በዚሁ መጽሔት እንዲያሳትም አደራ እላለሁ። የተሳሳትሁበትን ገጽ አልቀደድሁትም፤ እርሱም ይነበብ።